ስልኩን አስቀምጪና እግርሽን አሳዪኝ

ልጁን ስታጠቢ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ልሰልልሽ ብዬ አይደለም፤ ዓይኔ ስልክሽ ላይ አረፈ። «የእግር ደም ስር በአንድ ቀን ድራሹ ይጠፋል» ይላል ቪዲዮው። አንዴ አየሽው፣ መልሰሽ አየሽው፣ ከዚያ የስልክ ቁጥሩን መዘገብሽ። ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ሚጣዬ። ታላቅሽ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ በዚሁ መንገድ ሄጄ ምን ይዤ እንደተመለስኩ ስለማውቅ ነው። እስቲ ስልኩን አስቀምጪና ሱሪሽን ወደ ላይ ሰብስቢልኝ። ለክርስትናው የተሰፋልሽን አረንጓዴ ቀሚስ ሳትለብሺው የቀረሽው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገብቶኛል። ከእኔ ምን ታፍሪያለሽ?

ይኸው። ጭንሽ ላይ በውጭ በኩል፣ ቋንጃሽም ውስጥ፣ ቀጫጭን ሰማያዊና ወይን ጠጅ መስመሮች አሉ። አንዱ እንደ ቅርንጫፍ ተበትኗል፣ ሌላው የሸረሪት ድር ይመስላል። የሸረሪት ደም ስር የሚሉትም ለዚህ ነው። እንዳንቺ ያለ ጠይም ቆዳ ላይ በፈረንጅ ሥዕል እንደሚታየው ደማቅ ቀይ አይሆንም፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ወደ ቡናማ ያደላል። ስለዚህ ብዙ ሴት «የሆነ ነገር መትቶኝ በልዞ ነው» ብላ ታልፈዋለች። አንቺም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልሽኝ።

ጎረቤታችን ብርድ ነው አለችሽ አይደል? ብርድ አይደለም። እግርሽን አጣምረሽ ስለተቀመጥሽም አይደለም፤ እሱ ሁሉም ሴት የሰማችው ነገር ነው፣ ግን እግር ማጣመር ይህን እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም። መጀመሪያ የእማዬን እግር አስታውሺ። ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ አስተማረች። ማታ ስትመጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን በርጩማው ላይ ትሰቅል ነበር፤ አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ በዚያ እግር ላይ በጣትሽ መንገድ እየተከተልሽ ትጫወቺ ነበር። የምትከተያቸው እነዚህኑ መስመሮች ነበር። ነገሩ በዘር ይሄዳል፤ እናቱ ወይም አባቱ ይህ ያለባቸው ሰው ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እኔም አለኝ፣ አንቺም አለሽ። ማንም ጥፋት የለበትም።

የተቀረውን ለመረዳት ትምህርት ቤት የተማርነው ስም ይበቃል። ደም ቅዳ ደምን ከልብ ይቀዳል፣ ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል። ከእግር ጣት እስከ ልብ ያለው መንገድ ግን ዳገት ነው። ዳገቱን የሚያስወጣው ባትሽ ነው። በተራመድሽ ቁጥር የባትሽ ጡንቻ ውስጡ ያለውን ደም መልስ ይጨምቀዋል፤ ደሙም ወደ ላይ ይገፋል። ተመልሶ እንዳይወርድ በየመሃሉ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ዝም ብለሽ ስትቆሚ ቁርጭምጭሚትሽ አካባቢ ያለው የደም መልስ ግፊት ወደ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ስትራመጂ ከ30 በታች ይወርዳል። እግሩ ያው፣ ደሙም ያው ነው፤ የሚለየው መቆምና መራመድ ነው። አንቺ ደግሞ ፀጉር ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንድ ወንበር ዙሪያ ትቆሚያለሽ። መቆም እንጂ መሄድ የለም።

በዚህ ላይ እርግዝናው መጣ። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ ያለው ደም ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን የደም ስርን ግድግዳ ያላላዋል። ማህፀኑ ሲከብድ ደግሞ ከእግር የሚመጣውን መንገድ ይጫናል። ቆዳ ሥር ያሉት ጥቃቅን ስሮች ይሰፉና እንደ ተለጠጠ ላስቲክ ሳይመለሱ ይቀራሉ፤ ያኔ በቆዳሽ ውስጥ ይታያሉ።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ከወለድሽ ገና አራተኛ ወርሽ ነው። በእርግዝና የመጡ መስመሮች ብዙዎቹ ከወሊድ በኋላ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በራሳቸው ይደበዝዛሉ። ሁሉም አይጠፉም፤ የእማዬ ልጆች ስለሆንን የሚቀር ይኖራል። ነገር ግን ሰውነትሽ በነፃ ሊሠራልሽ የጀመረውን ሥራ ዛሬ በብዙ ብር ልትገዢ ነው። ዓመቱ ይሙላና ምን እንደቀረ እንይ። የቀረውን ያኔ እናስነሳዋለን፤ ብሩንም አብረን እንሞላለን።

ዓመት ጠብቂ የምልሽ ግን ስለ ጭንሽና ስለ ቋንጃሽ ነው። ቆይ እስቲ... ግራ እግርሽን ወደ እኔ አዙሪው። እዚህ ጋ፣ ከቁርጭምጭሚትሽ በውስጥ በኩል፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉት ጥቅጥቅ ያሉ ትንንሽ ስሮች መቼ ጀመሩሽ? ይህን አላልሽኝም ነበር።

አትደንግጪ። ልዩነቱን ላስረዳሽ። ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጠው ቀጭን መስመር የሸረሪት ደም ስር ነው። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነውና ሰማያዊ አረንጓዴ የሚመስለው፣ ብዙ ጊዜ ለሸረሪቱ ደም የሚያቀብለው ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ አብጦ በጣት የሚዳሰሰው፣ እንደ ገመድ የሚጠማዘዘው ቫሪኮስ ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው መልክን እንጂ ጤናን አይነኩም፤ ማታ ማታ ትንሽ የማቃጠልና የመክበድ ስሜት ይኖራቸው ይሆናል እንጂ ተባብሰው ሰው አይጥሉም። ቁርጭምጭሚት ላይ እንደ ማራገቢያ ሲዘረጉ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ቦታ ላይ ከታዩ፣ ከሥራቸው ባለ ትልቅ ደም መልስ ውስጥ በሮቹ በደንብ እየተዘጉ እንዳልሆነ ሊጠቁሙ ይችላሉ። ሐኪሞች የእግር ደም መልስ ሕመምን በደረጃ ሲከፍሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻሉት አከፋፈል ይህን ማራገቢያ ከተራ የሸረሪት መስመር አውጥተው የቆዳ መጎዳት ከሚታይበት ደረጃ ጋር መድበውታል።

የእማዬም የጀመረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማራገቢያው፣ ቀጥሎ ማታ ማታ የካልሲ ላስቲክ ምልክት የሚቀርበት እብጠት፣ ከዚያ ቆዳው ጠቆረና አሳከካት። አንድ ቀን በጥፍሯ ቧጠጠችው፤ ያቺ የጥፍር ጭረት ሁለት ዓመት ያልዳነ ቁስል ሆነች። ቅቤ ተቀባ፣ ማር ተቀባ፣ ጠበሉም ተሄደ፣ አንቲባዮቲክ በየወሩ ተገዛ። ቁስሉ የዳነው አንዲት ሐኪም ቁስሉን ትታ ደም መልሱን ስትመለከትና እግሯን ከጣቷ ጀምራ አጥብቃ በፋሻ መጠቅለል ስትጀምር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከላይ ያለውን ስንቀባ የታመመው ከሥር ነበር። ስለዚህ የአንቺን ቁርጭምጭሚት ስልክ ላይ ያገኘሽው ሰው እንዲነካው አልፈቅድም። መጀመሪያ በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታይ። የሚያም ነገር የለውም፤ በእርግዝናሽ ጊዜ ልጁን ያየሽበት ዓይነት መሣሪያ ነው፣ ደሙ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። ከሥር የሚመለስ ደም ካለ ቅድሚያ የሚታከመው እሱ ነው። ትልቁን ስር ከውስጥ በሙቀት የሚዘጉበት ሕክምና አለ፤ እሱ ሳይታከም ላይኛውን ብቻ ብታጠፊው ተመልሶ ይመጣል።

ከዚህ በላይ አንድ የሚያስቸኩል ነገር አለ፣ እሱን ከያዝሽልኝ ሌላው ይደርሳል። አንድ እግርሽ ብቻ ድንገት ካበጠ፣ ባትሽ ከሞቀና ካመመሽ፣ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ለአራስ ሴት ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት በጣም አስጊዎቹ ናቸው፤ አንቺ እነሱን አልፈሻል፣ ግን ምልክቱን እወቂው። ያኔ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸት የለም፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሄጂው። ሌላው ደግሞ፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለ ስር ተቧጥጦ ቢደማ ደሙ ያስደነግጣል፣ ይፈነጥቃል። ወዲያው ተኝተሽ እግርሽን ከፍ አድርጊና በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀሽ ተጫኚው። ቆመሽ ወደ መታጠቢያ ቤት አትሩጪ።

አሁን ደግሞ ወደ ፊትሽ። አዎ፣ ጉንጭሽን አይቻለሁ። በማዲያቱ ምክንያት ከኮስሞቲክስ ቤት የተሸጠልሽን ስም የሌለው ቅልቅል ክሬም መቀባት ከጀመርሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ? ትናንት ማታ ደግሞ እሱኑ እግርሽ ላይ ስትቀቢ አገኘሁሽ። ይህን ነገር ዛሬውኑ ካልተነጋገርንበት እንቅልፍ አይወስደኝም። እንዲህ ያሉ ማቅሊያ ቅልቅሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ይገባባቸዋል፤ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባለው ነው። ሐኪም ለችፌ በልኩና ለጥቂት ቀን ሲያዝዘው ጥሩ መድኃኒት ነው። በወራት ፊት ላይ ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ሥሩ ያሉት ጥቃቅን ስሮች ይሰፉና በሳሳው ቆዳ ውስጥ ብቅ ይላሉ። ጉንጭሽ ላይ ያሉት ቀጫጭን ቀይ መስመሮች ከእግርሽ ጋር አብረው የመጡ አይደሉም፤ ከዚያች ዕቃ የወጡ ናቸው ብዬ እፈራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትሽ ሲበራ «ተስማማኝ» አልሽ። ማቆም ስትሞክሪ ደግሞ ቀላ፣ አቃጠለሽ፣ ብጉር ወጣ፤ «ሳልቀባው ባስኩ» ብለሽ ተመለስሽበት። ያንን ያደረገው ራሱ ክሬሙ ነው። አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪም ይገባበታል፣ እሱ ኩላሊት ይጎዳል፤ አንቺ ደግሞ ያንኑ ጉንጭ ልጅሽ ላይ ታሳርፊያለሽ። በአንድ ጊዜ ወርውሪው ብልሽ ፊትሽ ይቆጣል፤ የቆዳ ሐኪም እያየሽ ነው የሚቆመው። ዕቃውን አትጣይው፣ ለሐኪሙ እንዲያየው ይዘሽ እንሄዳለን። እግርሽ ላይ ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ እንዳይነካ። የእግርን ደም ስር የሚያጠፋ ቅባት የለም፤ ሆምጣጤም አያጠፋውም። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ ብታስሪበት ቆዳሽን ያቃጥለዋል፣ ስሩ ግን እዚያው ይቀራል።

ስለ ሸረሪት ካነሳሁ ላይቀር፣ ደረትና ትከሻ ላይ መሃሉ ቀይ ነጥብ የሆነ፣ ዙሪያውን እግር ያወጣ ሸረሪት የሚመስልም አለ። ነጥቡን ስትጫኚው ይጠፋና ስትለቂው ከመሃል ወደ ዳር ይሞላል። በእርግዝና ጊዜ ወጥቶ ከወሊድ በኋላ ሲጠፋ ጣጣ የለውም። ወንድ ላይ በርከት ብሎ ከታየ ግን ጉበቱን ይመርመር።

አሁን ስለዚያ ቪዲዮ። ይህን ታሪክ ሙሉውን ለማንም አልነገርኩም፤ ለእማዬም ጭምር። ከስድስት ዓመት በፊት እኔም እንዳንቺ አፍሬ ወደ አንድ የውበት ቤት ሄድኩ። ማንም እግሬን በደንብ አላየም፣ ስለ እናቴም ስለ ጤናዬም አልጠየቀኝም። አጋድመው ብርሃን የሚያበራ መሣሪያ አሳረፉብኝ። «ትንሽ ይለበልባል» አሉኝ። ማታ ሲያቃጥለኝ አደረ፣ ጠዋት መሣሪያው ባረፈበት ልክ አራት ማዕዘን ሆኖ ውሃ ቋጠረ። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ዳነ፤ ጥቁሩ ምልክት ግን ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር ኖረ፣ አንዱ ቦታ አሁንም አለ። ይኸው፣ ዳስሺው። ስሮቹ ደግሞ አልጠፉም ነበር። ያን ጊዜ ነው ያገኘሁትን ሐኪም ሁሉ መጠየቅ የጀመርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ዓይነት ብርሃን ቀለም ይፈልጋል። በደም ውስጥ ያለውን ቀለም ፈልጎ ያሞቀዋል፣ ስሩም ተቃጥሎ ይዘጋል። የእኛ ቆዳ ግን ራሱ ቀለም አለው፤ ሜላኒን። ብርሃኑ ደሙ ጋ ሳይደርስ ቆዳው ይቀበለውና እዚያው ይቃጠላል። ሐኪሞች ቆዳን በቀለሙ የሚከፋፍሉበት የፊትዝፓትሪክ መለኪያ የሚባል አለ። የሃርቫርዱ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲያወጣው ለነጭ ቆዳ ነበር የታሰበው፤ የእኛ ዓይነት ቡናማና ጥቁር ቆዳ አምስተኛና ስድስተኛ ሆኖ የተጨመረው በኋላ ነው። ይህን ስሰማ እግሬ ላይ ያለው ምልክት ለምን እንደመጣ ገባኝ። እንደ ነጭ ቆዳ ቆጥረው ነው ያበሩብኝ።

ስለዚህ ስሙን ያዢ። አይፒኤል የሚሉት ብዙ ዓይነት ብርሃን በአንዴ የሚረጭ መሣሪያ፣ እንዲሁም 532 እና 595 ናኖሜትር የሆኑት ሌዘሮች፣ እንደ እኛ ላለ ቆዳ አስጊዎች ናቸው። የተሻለው ኤንዲ ያግ የሚባለው 1064 ናኖሜትር ሌዘር ነው፤ ሜላኒን እሱን ብዙም አይውጠውም፣ ጠልቆም ይገባል። እሱም ቢሆን ቆዳውን እያቀዘቀዙ፣ መጀመሪያ በማይታይ ትንሽ ቦታ ሞክረው፣ ሳምንታት ጠብቀው ሲያዩ ነው። «መሣሪያው ምንድን ነው? ስንት ናኖሜትር ነው? እንደኔ ጠይም የሆነች ሰው አክመው ያውቃሉ? ውጤቱን ያሳዩኝ» ብለሽ ጠይቂ። በጥያቄሽ የሚናደድ ሰው እጅ ላይ እግርሽን አትጣይ።

ለእግር ግን ከሌዘር ይልቅ አብዛኛው ሐኪም የሚያስቀድመው መርፌውን ነው፤ ስክሌሮቴራፒ ይባላል። በጣም ቀጭን በሆነ መርፌ ስሩ ውስጥ መድኃኒት ይገባል፤ መድኃኒቱ የስሩን ውስጠኛ ግድግዳ ያስቆጣዋል፣ ግድግዳው እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሰውነት ቀስ እያለ ይውጠዋል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ፖሊዶካኖል ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለማደንዘዣ ነበር፤ የደም ስር መዝጋቱ ታይቶ ነው ወደዚህ ሥራ የገባው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህ ሕክምና የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

«በአንድ ቀን» የሚለውን ግን እርሺው። ሜሪላንድ ያለችው የአክስታችን ልጅ ሦስት ጊዜ ነው የተወጋችው፣ በየመሃሉ ከአንድ ወር በላይ እየቆየች። ኢንሹራንሷም ለውበት ነው ብሎ አልከፈለላትም። የመጀመሪያው ወር ከፊቱ የባሰ መስሏት አልቅሳ ደውላልኝ ነበር። እውነትም መጀመሪያ ይባባሳል፤ ይበልዛል፣ ይጠቁራል። ቀጫጭኖቹ የሚደበዝዙት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ነው፣ ወፈር ያሉት ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጅባቸዋል። ከፈረሰው ደም የሚቀር ብረት ቆዳ ላይ ቡናማ መስመር ይተዋል፤ በብዙዎች በወራት ይጠፋል፣ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይቆያል። አንዳንዴ በተወጋው ቦታ ዙሪያ እንደ ጭጋግ ያሉ አዳዲስ ጥቃቅን ስሮች ይወጣሉ። መድኃኒቱ ከስሩ ውጭ ከፈሰሰ ቁስል ሊያመጣ ይችላል፤ አልፎ አልፎም አለርጂ ወይም የረጋ ደም ይከተላል። ለዚህ ነው የሚወጋሽ ሰው ሐኪም መሆን ያለበት፤ ክፍሉ ውስጥም ለአለርጂ የሚሆን መድኃኒት መኖር አለበት። እርጉዝ አትወጋም። ለምታጠባ እናትም መድኃኒቱ ወደ ወተት ስለመግባቱ በቂ ጥናት ስለሌለ ብዙ ሐኪሞች ጡት እስክታስጥል ያቆዩታል። ስለዚህ የሚታከምልሽ ነገር ቢኖርም ዛሬ አይደለም።

ከተወጋሽ በኋላ ወዲያው ተነስተሽ ትራመጃለሽ፤ አልጋ ላይ መተኛት አይመከርም። የሚያጠብቀውን ስቶኪንግ ሐኪሙ ላለሽ ቀናት ታደርጊያለሽ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ አትዘፈዘፊም፣ እግርሽን ለፀሐይ አታሰጪም። የጠፋው ስር ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ግን የእማዬ ልጅነትሽና የቆምሽበት ሥራ አልተቀየሩምና በጊዜ ብዛት አዲስ ይወጣል። ይህን አስቀድመሽ ካወቅሽ፣ በኋላ አትከፊም።

እስከዚያ ድረስ ግን እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪም። ስቶኪንግ እንገዛለን፤ ለልብስ የሚደረገው ስስ ስቶኪንግ ማለቴ አይደለም፣ ከመድኃኒት ቤት በልክ የሚሸጠውን፣ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጫነውን። ቁርጭምጭሚትሽና ባትሽ ጠዋት ሳያብጡ ይለካሉ። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ ታደርጊዋለሽ፣ ማታ ስትተኚ ታወልቂዋለሽ። ያሉትን መስመሮች አያጠፋም፣ እግርሽን ግን ያሳርፈዋል፣ ማታ ያለውን ክብደትም ይቀንሳል። ለአባዬ ግን እንዳትሰጪው። ስኳር ያለበት ሰው የደም ቅዳው ሁኔታ ሳይታይ እግሩን ማጥበቅ ጉዳት አለው።

ፀጉር ቤት ውስጥ ደንበኛሽ ካስክ ሥር ስትቀመጥ አንቺም ቁጭ በይ፣ ወይም ወደ በሩ ደርሰሽ ተመለሺ። መቀመጥ ካልተቻለ ወንበሩን ይዘሽ ተረከዝሽን ሃያ ጊዜ አንሺና አውርጂ፤ ባትሽ ሲጨመቅ ይሰማሻል፣ ያ ነው ደሙን የሚያወጣው። ቅዳሴ ላይም ቆመሽ እንዲሁ ማድረግ ትችያለሽ፤ ነጠላሽ ስለሚሸፍንሽ ማንም አያይሽም። ታኮውን ለሠርግ አስቀሪው፤ ተረከዝሽ ከፍ ብሎ ሲውል ባትሽ በሙሉ ኃይሉ አይሠራም። ማታ ልጁን ስታጠቢ እግርሽን ትራስ ላይ ስቀይ፣ ከልብሽ ከፍ ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ ልትጀምሪ ስትሄጂም ስለ እማዬ እግርና ስለዚህ ማራገቢያ ንገሪያቸው፤ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ደም የማርጋት ባሕርይ ስላለው ሌላ ይመርጡልሽ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጥቼ ለዶፕለሩ እወስድሻለሁ። ልጁን እማዬ ትይዝልናለች፣ ነግሬያታለሁ። ለፊትሽ ደግሞ አለርት የቆዳ ክፍል ወረፋ እናስይዛለን፤ ለሥጋ ደዌ የተቋቋመ ሆስፒታል ነው፣ የእኛን ዓይነት ቆዳ ሲያዩ የኖሩ ሐኪሞች ያሉበት ነው። ያቺን ክሬም በላስቲክ ቋጥረሽ ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊያት። የስልኩን ቁጥር ደግሞ አሁን እያየሁሽ አጥፊው።

የእግርሽን ዶፕለር ቆመሽ ነው የሚያዩልሽ፤ ደሙ ወደ ላይ መመለሱና ወደ ታች መፍሰሱ የሚለየው ያኔ ነው። ከጭንሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ መታየት አለበትና ሱሪ አይመችም። ያንን አረንጓዴ ቀሚስ ልበሺ።